እፍኝና ሚዛን፦ የኮሶ መድኃኒት ታሪክ ከጉና ተራራ ዙሪያ እስከ ዘመናዊው ፋርማሲ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የጉና ተራራ ዙሪያና ከዚያ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች በሚወርደው አምባና ገደል መካከል የተዘረጉ፣ በቀድሞው ቤጌምድር ውስጥ ጥንታዊ ስም ያላቸው አገሮች ናቸው። የጉና አናት ውርጭ የሚበረታበት በመሆኑ ለትልልቅ ዛፍ አይመችም፤ ከእርሱ ዝቅ ብሎ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር በሚደርሰው የደጋ ክልል ግን ኮሶ ይበቅላል። ኮሶ ከጽጌረዳ ቤተሰብ የሚመደብ፣ ወንዴና ሴቴ አበባው በተለያዩ ዛፎች ላይ የሚወጣ የአገር ዛፍ ሲሆን፣ የሴቴው ዛፍ ቀላ ያለና የተንዠረገገ አበባ ደርቆና ተፈጭቶ ሲጠጣ በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖረውን ረጅምና ጠፍጣፋ ጥገኛ ትል ያስወጣል። ሕዝቡ ዛፉንም መድኃኒቱንም ትሉንም ኮሶ ብሎ ስለሚጠራ፣ ከዚህ በኋላ ኮሶ ሲባል መድኃኒቱ፣ የኮሶ ትል ሲባል ደግሞ ጥገኛው ማለት ነው፤ ዓመታቱም ሌላ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የኮሶ ታሪክ የፈውስ ታሪክ ብቻ አይደለም። ኮሶ ሲበዛ የሚጥል፣ ዓይን የሚያጠፋ፣ አልፎ አልፎም የሚገድል መድኃኒት ስለነበረ፣ ታሪኩ ያለ ልክ መጠጣትና በልማድ መደጋገም ያስከተሉት መመረዝ ታሪክም ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚጥል በሽታና ለእንቅልፍ ማጣት ይወሰዱ የነበሩት ብሮማይድ የሚባሉ ጨዎች በተመሳሳይ ዘመን ተመሳሳይ መንገድ ስለተጓዙ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት መድኃኒት መርዝ የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት ይጠቅማል።

የልማዱ ሥር

የኮሶ ትል ወደ ሰው የሚገባው በጥሬ ወይም በሚገባ ባልበሰለ የከብት ሥጋ አማካይነት ነው። በደጋው አገር ሥጋ የዘወትር ምግብ ባይሆንም፣ ጾም ሲፈታ፣ በሠርግና በክብረ በዓል ጥሬ ሥጋ መቁረጥ የማዕርግና የደስታ ምልክት ሆኖ ስለኖረ፣ ከባላባት እስከ ገበሬ፣ ከጌታ እስከ አሽከር ትሉ የሌለበት ሰው ጥቂት ነበር። በመሆኑም ሰው ሁሉ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ስለሚውልም፣ አገልጋይና አሽከር ለዚያ ቀን ከሥራ ነጻ መሆኑ የታወቀ ነበር፤ ኮሶ ጠጥቻለሁ ማለት እንግዳን ላለመቀበል በቂ ምክንያት ሆኖ ይቆጠር ነበር።

አወሳሰዱ በየቤቱ ይለያይ እንጂ መሠረቱ አንድ ነው። የደረቀው አበባ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል፤ ከውሃ ወይም ከጠላ ጋር ተበጥብጦ ያድራል፤ ሰውየው በነጋታው ማለዳ በባዶ ሆዱ፣ ምሬቱን እየታገለ፣ ባንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል፤ ከዚያም ትሉ ከሆዱ ተቀርፎ እስኪወጣ ድረስ ምግብ ሳይቀምስ ይጠብቃል። እንቆቆ፣ መተሬ፣ ቀጨሞና የዱባ ፍሬ ለዚሁ ሕመም የሚወሰዱ ሌሎች የአገር መድኃኒቶች ቢሆኑም፣ በደጋው ዘንድ ቀዳሚው ኮሶ ነበር።

የመመረዙ ምንጭ ከዚሁ አወሳሰድ ውስጥ ይገኛል። የኮሶ ልኩ እፍኝ ነው፤ እፍኝ ደግሞ እንደ ሰፋሪው እጅ ይለያያል። በዚያ ላይ የአበባው ኃይል እንደ መልቀሚያው ጊዜ፣ እንደ ደረቀበት ሁኔታና እንደ ቆየበት ዘመን ይለዋወጣል፤ ትኩስ አበባ ኃይለኛ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ይደክማል። ባለፈው የጠጣው ደካማ ኮሶ ትሉን ያላስወጣለት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ መጠኑን ቢጨምርና በዚያ ቀን ያገኘው አበባ አዲስ ቢሆን፣ ራሱን ሳያውቅ ከአካሉ አቅም በላይ ይጠጣል ማለት ነው። የሚደጋገምበትም ምክንያት ግልጽ ነው፦ ኮሶ አብዛኛውን ጊዜ የትሉን ረጅም አካል ቀርፎ ሲያወጣ፣ ከአንጀት ግድግዳ ጋር የተጣበቀችው ትንሿ ራስ ከቀረች ትሉ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ እንደገና ያድጋል። ራሷ ብትወጣም እንኳ የሚቀጥለው በዓል ጥሬ ሥጋ አዲስ ትል ያመጣል።

ከጎንደር ወደ አውሮፓ

ስለ ኮሶ ሰፊ ገለጻ ከጻፉት የውጭ ሰዎች ቀደምት የሆነው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ የቆየ ሲሆን፣ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉ የዛፉን ሥዕል ከነገለጻው አውጥቷል። አንድ እፍኝ ደረቅ አበባ በጤፍ ጠላ ውስጥ ሲዘፈዘፍ እንደሚያድር፣ የሚጠጣውም ሰው ከጥዋት እስከ ማታ ከወዳጆቹ ተሰውሮ በቤቱ እንደሚውል የመዘገበው እርሱ ነው። ዛፉን በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊሰይመው ቢፈልግም፣ ስሙ ቀድሞ ለሌላ ተክል ተሰጥቶ ስለነበር፣ ጀርመናዊው ግሜሊን በ1791 በኮኒግስበርጉ የመድኃኒት ቀማሚ በሃገን ስም ሀጌኒያ አለው፤ ዛፉም እስከ ዛሬ በሳይንስ ቋንቋ ሀጌኒያ አቢሲኒካ ይባላል።

ከዚህ በኋላ ኮሶ ከአገሩ ወጥቶ የዓለም ሸቀጥ ሆነ። በ1820ዎቹ መጀመሪያ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የኮሶን ፈዋሽነት ለፓሪስ ሊቃውንት ስላስታወቀ፣ ተክሉ ለጊዜው በእርሱ ስም ብራየራ ተባለ፤ በ19ኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽም ኮሶ በእንግሊዝና በአሜሪካ ይፋዊ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ገባ። እነዚህ መጻሕፍት አንድ መድኃኒት በምን ያህል ሚዛን እንደሚሰጥ የሚደነግጉ ስለነበሩ፣ በጎንደር በእፍኝ ይሰፈር የነበረው አበባ በለንደን በአብዛኛው በግማሽ አውንስ፣ ማለትም በ15 ግራም ገደማ፣ ተመዝኖ ይሰጥ ጀመር። የበቀለበት አገር ሕዝብ ግን ያለ ሚዛን መጠጣቱን ቀጠለ።

በዚያው ዘመን ኮሶ በቤጌምድር ፖለቲካ ውስጥም ስሙ ተነሥቷል። በኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ዘመናቸው ኮሶ ሸጠዋል እየተባለ በጠላቶቻቸው ይነቀፉ ነበር። በዘመኑ የተጻፉ ትረካዎች እንደሚሉት፣ በ1840ዎቹ የጎንደሯ እቴጌ የመነን ሹም የነበረው ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ከፎከረ በኋላ በጦርነት ተሸንፎ ሲማረክ፣ ካሣ ወንድይራድን ራሱን ኮሶ እንዲጠጣ አድርገውታል። ታሪኩ ሁለት ነገር ያሳያል፦ ኮሶ መሸጥ የድኻ ሴቶች መተዳደሪያ መሆኑንና ኮሶ በግድ ሲጠጣ ቅጣት ሊሆን እንደሚችል ሰው ሁሉ ማወቁን። መድኃኒቱ ኃይለኛ መሆኑ ከማንም አልተሰወረም፤ በተለይ እርጉዝ ሴት ብትጠጣው ፅንስ እንደሚያስወርድ በሰፊው ይታወቅ ነበር።

የሳይንሱ ምዕት

ኮሶ በአውሮፓ በታወቀበት ዘመን ብሮማይድም ታሪኩን ጀመረ። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንትዋን ባላር በ1826 ከሞንፔሊዬ አካባቢ የባሕር ጨው ውሃ ብሮሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ፤ በ1857 የንግሥት ቪክቶሪያ ሐኪም ቻርልስ ሎኮክ ፖታሲየም ብሮማይድ የሚባለው ጨው በአንዳንድ ሴቶች ላይ የሚጥል በሽታን እንዳስታገሠ በለንደን ለሐኪሞች ጉባኤ ተናገረ። ከዚያ በፊት ለሚጥል በሽታ እውነተኛ መድኃኒት ስላልነበረ፣ ብሮማይድ በፍጥነት ተሠራጨ፤ ብዙም ሳይቆይ ለእንቅልፍ ማጣት፣ ለራስ ምታትና ለጭንቀት በየመደብሩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ጀመር። በ1888 በባልቲሞር የወጣው ብሮሞ ሴልትዘር የተባለው በውሃ የሚበጠበጥ መድኃኒት በአሜሪካ በየቤቱ የታወቀ ስም ሆነ።

ብሮማይድ የሚመርዝበት መንገድ ከኮሶ ይለያል። ብሮማይድ ከሰውነት ለመውጣት ይዘገያል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ 12 ቀን ገደማ ይፈልጋል። በየቀኑ ጥቂት የሚወስድ ሰው ያለፈው ሳይወጣ አዲሱን ስለሚጨምር፣ ጨዉ በሰውነቱ ውስጥ የምግብ ጨው አካል የሆነውን ክሎራይድን እየተካ ይከማቻል። ሰውየው ቀስ በቀስ ይደነዝዛል፣ ይረሳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቆዳው ሽፍታ ያወጣል፤ ሲብስ ሌላው የማያየውን ያያል፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ይህ ሁኔታ ብሮሚዝም ይባላል። ብዙ ጊዜም የአእምሮ ሕመም መስሎ ስለታየ፣ ሕመምተኛው ለመረጋጋት ያንኑ መድኃኒት ይጨመርለት ነበር። በ1927 ኦቶ ዉት በደም ውስጥ ያለውን ብሮማይድ የሚለካ ዘዴ ካስተዋወቀ በኋላ ግን፣ በየአእምሮ ሆስፒታሉ ከገቡት መካከል ቀላል የማይባሉት የታመሙት በራሱ በመድኃኒቱ መሆኑ ተገለጠ። ኮሶ በአንድ ጥዋት በተጠጣ ብዛት ሲመርዝ፣ ብሮማይድ በየቀኑ በሚጠራቀም ጥቂት ይመርዛል፤ የሁለቱም ሥር ግን ከሰውነት አቅም ጋር ያልተመዘነ ልማድ ነው።

ስለ ኮሶ ትልም በዚያው ምዕት አዲስ እውቀት ተገኘ። ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ሩዶልፍ ሎይካርት በ1860ዎቹ መጀመሪያ ቴኒያ ሳጂናታ የተባለው ትል በከብት ሥጋ ውስጥ እንደሚያድር አረጋገጠ። ትሉ ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ እንቁላል ያዘሉ የትል ክፍሎች ሣር ላይ ይወድቃሉ፤ ከብት ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉ በሥጋው ውስጥ ትናንሽ ከረጢት ይሆናል፤ ሥጋው በጥሬው ሲበላ ከረጢቷ በሰው አንጀት ውስጥ ብዙ ሜትር ወደሚረዝም ትል ትለወጣለች። በዚህም ኮሶ የሕመሙን ውጤት እንጂ ምንጩን እንደማያጠፋ፣ መደጋገሙም ከመድኃኒቱ ጉድለት ይልቅ ከሰውና ከከብት የጋራ ዑደት እንደሚመጣ ግልጽ ሆነ። በምዕቱ መገባደጃ ላይም የጀርመን ኬሚስቶች ከአበባው ኮሲንና ኮሶቶክሲን የተባሉ ውሑዶችን ስለለዩ፣ ትሉን የሚያዳክመው ኃይል ጠጪውንም ሊያዳክም የሚችል ኃይል መሆኑ በሳይንስ ታወቀ።

ሐኪሞች የጻፉት

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና ሥር መስደድ የጀመረው በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ነው። በአዲስ አበባ በ1910 አካባቢ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ፤ በዚያው ጊዜ ጆርጂያዊው ዶክተር መራብ በከተማይቱ ፋርማሲ ከፈተ፤ መድኃኒት በግራም ተመዝኖ በብልቃጥ ላይ ስሙና አወሳሰዱ ተጽፎ የሚሰጥበት ሥርዓትም በዋና ከተማዋ ተጀመረ። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰዎች ግን ፋርማሲው ሩቅ፣ ኮሶው ቅርብ ነበር።

በዚህ መካከል ብሮማይድ በኢትዮጵያ ታሪክ ስሙ የሚጠቀስ አንድ ጸሐፊን ለአደጋ ዳረገ። በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ መድፋት፣ በ1935 ደግሞ የጣሊያንን ወረራ ለመዘገብ አዲስ አበባ መጥቶ የነበረው እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ ለእንቅልፍ ማጣቱ ክሎራልና ብሮማይድ ይወስድ ነበር። በ1954 ወደ ሲሎን በመርከብ ሲጓዝ በሌሉ ሰዎች ድምፅ ተከበበ፤ መከራው የመጣው ከእንቅልፍ መድኃኒቱ እንደሆነ ከተረዳ በኋላም ታሪኩን በ1957 ባሳተመው ልቦለድ ገለጸው። የብሮማይድ ዘመን በዚያ ጊዜ ሊያልፍ ተቃርቦ ነበር፤ በ1912 ለሚጥል በሽታ የተገኘው ፌኖባርቢታል ቦታውን እየያዘ ሄዷል፤ በ1975ም የአሜሪካ መንግሥት ብሮማይድን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡ መድኃኒቶች አወጣ። ፌኖባርቢታል ዛሬም በኢትዮጵያ ገጠር ለሚጥል በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋነኛው ነው።

ለደቡብ ጎንደር ገጠር ትልቁ ለውጥ የመጣው ከጎንደር ነው። በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ፤ ይህ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ እያሠለጠነ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ላከ። የኮሌጁ ሰዎች ሕመምን ከማከም ጋር ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ንጹሕ ውሃና ስለ ምግብ ማስተማርን ሥራቸው ስላደረጉ፣ የኮሶ ትል በመድኃኒት ብቻ የማይሸነፍ መሆኑ በየመንደሩ በሙያ ቋንቋ ተነገረ።

በ1962 የተጀመረው የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ደግሞ፣ ሐኪሞች በየሆስፒታሉ ያዩትን ለሥራ ባልደረቦቻቸው የሚጽፉበት መድረክ ሆነ። በዚሁ መጽሔት ሮኮስ የተባለ ሐኪም በ1969 በኮሶ መመረዝ ስለሚመጣ የዓይን ጉዳት ጻፈ፤ ኮሶ አብዝተው የጠጡ ሰዎች ብርሃናቸውን የሚያጡበት ሁኔታ መኖሩ በዚህ የሕክምና ማስረጃ ሆነ። የመመረዙ ምልክቶች በቅደም ተከተል ሲታዩ፣ ማቅለሽለሽና ትውከት፣ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ፣ የደም ግፊት መውረድና ራስን መሳት፣ ሲብስም የዓይን ነርቭ መጎዳትና ሞት ናቸው። በ1985 በወጣ ጥናት ደግሞ ሎውና ባልደረቦቹ ለጫጩቶች ኮሶንና የእንቆቆ ዘመድ የሆነውን የእስያ ተክል ሰጥተው፣ ሁለቱም የማየት ችሎታን እንደሚቀንሱና ሬቲና የተባለውን ብርሃን ተቀባይ የዓይን ክፍል እንደሚጎዱ አሳዩ። በብዙ ትውልድ የታየው መታወር የአጋጣሚ ነገር አልነበረም።

ሚዛኑ ወደ ደጋው ሲደርስ

የኮሶን ዘመን የዘጋው ከሁሉ በላይ የተሻለ መድኃኒት መገኘቱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኒክሎሳማይድ የተባለው መድኃኒት በዓለም ገበያ ወጣ፤ ለአዋቂ ሰው 2 ግራም አንድ ጊዜ የሚበቃ ሲሆን፣ ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም ስለማይገባ ትሉን ሲገድል ሰውየውን ብዙም አይነካም። ከዚያም በኋላ የመጣው ፕራዚኳንቴል ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም በሆነ አንድ መጠን ይፈውሳል። በእፍኝ ይሰፈር የነበረው ፈውስ በሰውየው ክብደት ልክ የሚሰላ ሆነ ማለት ነው።

ኪኒኑ ወደ ጋይንት የገባው በመንገድ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራውና ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው የወረታ–ወልድያ መንገድ የጋይንቷን ነፋስ መውጫ ከጣና ዳርና ከወሎ ጋር ሲያገናኝ፣ ነጋዴና መድኃኒት፣ ታማሚና ሐኪም በአንድ መኪና ይጓዙ ጀመር። ከዋናው መንገድ ርቀው የሚገኙት የስማዳዋ ወገዳ፣ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ግን ለውጡን ዘግይተው አገኙ፤ ገደላማ በሆነው ገጠርም የቤት ኮሶ ከኪኒን ጋር ለረጅም ጊዜ አብሮ ኖረ።

ሕጉም ተከተለ። በ1964 የወጣው የፋርማሲ ደንብ መድኃኒት የሚሸጥበትን ሥርዓት ሲወስን፣ በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 176 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ በ2009 አዋጅ ቁጥር 661፣ በ2019 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112 የቁጥጥሩን ሕግ አደሱት። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ምግብ አበሳሰል ሲያስተምሩ፣ የሰውና የከብት ዑደት ከምንጩ የሚሰበርበት መንገድ ወደ ገበሬው ደጃፍ ደረሰ። መጸዳጃ ቤት ያለው ሰው የከብቱን ሣር አይበክልም፤ ሥጋውን አብስሎ የሚበላ ትሉን አይቀበልም፤ ትል የሌለበት ሰውም በየሁለት ወሩ የሚጠጣው ነገር አይኖረውም።

ዛፉስ? ኮሶ መጠጡ ሲቀንስ የዛፉ ቁጥርም ለሌላ ምክንያት ሳሳ፤ እንጨቱ ቀይና ውብ በመሆኑ ለቤት ዕቃና ለግንባታ ስለሚፈለግ፣ ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር መቆረጡ በ1994 በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ተከልክሎ ነበር። በጉና ዙሪያ ያለውን ኮሶ መጠበቅ ለአገር ሀብት የሚገባ ሥራ ነው፤ በውስጡ ያሉት ውሑዶች በላብራቶሪ ተመዝነው ወደፊት ሌላ ጥቅም ሊሰጡ ይችላሉና።

የኮሶ ታሪክ አባቶችን የሚያስወቅስ አይደለም፤ በየትውልዱ በእጃቸው የነበረውን ቀዳሚ ፈዋሽ ተክል አውቀውና ጠብቀው አቆይተዋል። የጎደላቸው መለኪያ ነበር፤ ብሮማይድን በብልቃጥ የገዛው የለንደንና የባልቲሞር ሰውም፣ ሚዛኑ በእጁ እያለ፣ በልማድ ብዛት ያንኑ ስሕተት ሠርቷል። አደጋው ዛሬም አላለፈም፤ በ2025 በታተመ የሕክምና ዘገባ፣ አንድ የ60 ዓመት ሰው የምግብ ጨውን በሶዲየም ብሮማይድ ተክቶ ለሦስት ወር ከበላ በኋላ በብሮሚዝም ታምሞ ሆስፒታል ገብቷል። በወገዳም ሆነ በነፋስ መውጫ፣ ጎረቤት የሰጠውን ኪኒን የሚውጥ፣ የታዘዘለትን እጥፍ አድርጎ የሚወስድ፣ ወይም ለአንድ ሕመም ቤት ውስጥ የቀረውን ለሌላ የሚያውል ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ ማንኛውም መድኃኒት፣ ከዛፍም ይምጣ ከፋብሪካ፣ ፈዋሽነቱ ከልኩ አይለይም፤ ልኩን የሚወስነውም በሙያ የተመዘነ መጠን እንጂ እፍኝ፣ ልማድ ወይም ትዕግሥት ማጣት አይደለም።